ምዕራፍ 9፦ ዝንብ የወረረው ቤት

ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ ሲበረታ፣ በጋው አልፎም የበልግ ዝናብ ከሙቀት ጋር ሲፈራረቅ፣ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ይመጣል። ጠዋት መስኮት ሲከፈት ዝንብ፣ ምሳ ሲቀርብ ዝንብ፣ የተኛው ሕፃን ፊት ላይም ዝንብ። አብዛኛው ቤተሰብ ቶሎ ብሎ ፍሊት ይገዛል። ማታ ይነፋል፣ ጠዋት የሞተው ይጠረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው ይተካል። ሳምንት ሳይሞላ ፍሊቱ ያልቃል፤ ዝንቡ ግን እንዳለ ነው።

ይህ የሚሆነው ቤት ውስጥ የሚታየው ዝንብ የችግሩ መጨረሻ ስለሆነ ነው። መጀመሪያው ያለው አንድ ቦታ በተኛ እርጥብ ቆሻሻ ውስጥ ነው። ያ ቦታ ተገኝቶ እስኪጸዳ ድረስ ምንም ያህል ዝንብ ቢገደል ተተኪው በመንገድ ላይ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዓላማም መፈልፈያውን እንዴት ፈልገው እንደሚያገኙ፣ እንዴት እንደሚያጸዱትና ተመልሶ እንዳይመጣ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ማሳየት ነው።

ዝንብ እንዴት ይራባል?

የተለመደው የቤት ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው በሚበሰብስ እርጥብ ነገር ላይ ነው፤ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ፍግ፣ የዕርድ ተረፈ ምርት፣ ያገለገለ ዳይፐር። አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋም ይህን ደጋግማ 500 ያህል ልታደርስ ትችላለች። እንቁላሉ ቀን ሳይሞላው ይፈለፈልና ነጭ፣ እግር አልባ ትል ይሆናል። ትሉ በልቶ ሲጠግብ እርጥበቱን ትቶ ወደ ደረቅ ቦታ ይሳባል፤ እዚያም ቡናማ ሽፋን ለብሶ ይቀመጥና ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ እንደ ድሬዳዋና አዋሽ ባለ ሞቃት አየር ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። እንደ አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ባለ አየር ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ እርጥብ ቆሻሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከቤትና ከግቢ ከወጣ ትሉ ዝንብ ለመሆን ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ዛሬ ሁሉን ነገር ቢያጸዱም አስቀድሞ ሽፋኑን የለበሰው ዝንብ ሆኖ መውጣቱ ስለማይቀር፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ጥቂት ዝንብ ማየትዎ አይቀርም። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። እርስዎ ግን ይቀጥሉ።

ለምን ቸል አይባልም?

ዝንብ ጥርስ የላትም። ደረቅ ምግብ ላይ ስታርፍ ምራቋንና ከሆዷ የመለሰችውን ፈሳሽ አፍስሳ ምግቡን ካሟሟች በኋላ ትመጠዋለች። ከደቂቃዎች በፊት ያረፈችው ዳይፐር ላይ ወይም የቆሻሻ ገንዳ ላይ ከነበረ፣ የዚያን ጀርም በእግሯም በሆዷም ይዛ እንጀራው ላይ ታራግፈዋለች። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ዝንብን መቆጣጠር ጤናን እንደሚጠብቅ በተግባር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1989 በእስራኤል ሁለት የጦር ሰፈሮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በዋናነት በዝንብ ወጥመድ የዝንቡ ቁጥር በ64 በመቶ ሲቀንስ፣ ሺጌላ በተባለው ባክቴሪያ በሚመጣ ተቅማጥ ወደ ክሊኒክ የሚሄዱት ወታደሮች በ85 በመቶ ቀንሰዋል። በአገራችን ደግሞ ትራኮማ አለ። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የሕፃናትን ዓይን ፈሳሽ እየላሰ በሽታውን ከልጅ ወደ ልጅ የሚያዛምተውም የቤት ዝንብ የቅርብ ዘመድ የሆነ ዝንብ ነው። ስለዚህ የልጅዎን ፊት በየጊዜው ማጠብና ዝንቡን ማጥፋት አብረው የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው።

አስቀድመው ይለዩ፦ የትኛው ዝንብ ነው?

ሁሉም ዝንብ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ቤትዎ ውስጥ ያለውን ለይተው ካወቁ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል።

*ግራጫው የቤት ዝንብ።* ሳሎንና ኩሽና ውስጥ የሚዞረው ይህ ነው። ምንጩ የራስዎ የቆሻሻ ዕቃ፣ ደረጃ ሥር የተቀመጠ ማዳበሪያ ወይም የግቢው ገንዳ ነው።

*ትልልቁ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዝንብ።* የሚያብረቀርቅና ድምፁ ጎላ ያለ ነው። የሚፈልገው ሥጋ ነው። ከበዓል በኋላ ሲመጣ ምክንያቱ ይታወቃል። ያለ ምክንያት በድንገት ብዙ ሆኖ ከታየ ግን ኮርኒስ ውስጥ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ወይም በቧንቧ መውረጃው አካባቢ የሞተ አይጥ ይፈልጉ።

*ሚጢጢዎቹ የፍራፍሬ ዝንቦች።* ሙዝና ማንጎ ላይ፣ እርሾና ቡሆ ዙሪያ፣ የጠላና የጠጅ ብርጭቆ አፍ ላይ የሚያንዣብቡት ናቸው። የሚስባቸው የመፍላት ሽታ ነው። ሙዙን አውጥተው ጥለውም ካልጠፉ የሽንኩርትና የድንች ማስቀመጫውን ገልብጠው ይዩ። ከሥር አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ብቻውን ለብዙ ዝንብ ይበቃል።

*ፀጉራም ክንፍ ያላቸው የፍሳሽ ዝንቦች።* መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚቀመጡ፣ ሲነኩ አጭር በረው መልሰው የሚያርፉ ናቸው። የሚራቡት በፍሳሽ መውረጃ ውስጥ በተጋገረው ልምጭላጭ ቆሻሻ ላይ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ማታ በመውረጃው አፍ ላይ ፕላስተር በከፊል ይለጥፉ፤ የሚያጣብቀው ጎን ወደ ታች ይሁን። ጠዋት ዝንቦች ተጣብቀው ካገኙ ምንጩ ያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ፦ የቆሻሻ ዕቃው

ከቆሻሻ ዕቃው ይጀምሩ። ፌስታሉን ያውጡና ባልዲውን ወደ ብርሃን ያዘንብሉት። ብዙ ጊዜ ከፌስታሉ ሥር የተንጠባጠበ ቡናማ ውሃ ተጠራቅሞ ያገኛሉ። የቡና አተላ፣ የወጥ ቅሪትና የቲማቲም ፍሬ ተደባልቀውበታል፤ ትሎቹም በዚያ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ቀጥለው ባልዲው የተቀመጠበትን ወለል፣ የምድጃውን ኋላና የማዳበሪያውን እጥፋት ይመልከቱ። ስንዴ የሚያካክሉ ቀይ ቡናማ ቅንጣቶች ካዩ ነገ ዝንብ ሆነው የሚወጡት እነሱ ናቸው። ጠርገው በፌስታል ቋጥረው ያውጧቸው፤ ባልዲውን በፈላ ውሃና በላርጎ ፈትገው ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ልማዶችን ይያዙ።

1. እርጥብና ደረቅ ቆሻሻ ይለዩ። ወረቀትና ፕላስቲክ ዝንብ አያራባም፤ ልጣጭ፣ አተላና ትራፊ ግን ያራባል። እርጥቡን አጥልለው፣ በትንሽ ፌስታል ቋጥረው፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ያኑሩ። «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» እንደሚባለው፣ ጥሩ ክዳን ካለ ዝንቡ ምንም ያህል ቢበዛ ምንም አያመጣም።

2. ባልዲው ሥር ጋዜጣ ያንጥፉ። የሚንጠባጠበውን ይመጥጣል፤ ፌስታሉ ሲወጣ አብሮ ይጣላል።

3. ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሚመጡበትን ቀን ይወቁ። ቀኑ የሚዘገይ ከሆነ የሥጋና የዶሮ ተረፈ ምርት እንዲቆይ አይፍቀዱ፤ ራስዎ ወደ ገንዳው ይውሰዱት።

ኩሽናና መታጠቢያ ቤት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ሳህን ሳይታጠብ ማደሩ አይቀርም። ትራፊውን በደረቁ ጠርገው እርጥብ ቆሻሻው ውስጥ ይጨምሩ፤ ሳህኖቹን ሳሙና ባለው ውሃ ነክረው ሳፋውን ይክደኑ። እርሾውንና ቡሆውን በስስ ጨርቅ ሸፍነው አፉን በላስቲክ ይሰሩት፤ ክዳን ብቻውን ሲደረብ ሚጢጢዎቹ የሚገቡበት ክፍተት ይተዋል። የበሰለ ፍራፍሬ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ።

የቀሩትን ሚጢጢ ዝንቦች በቀላል ወጥመድ ይያዙ። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አቼቶ ይጨምሩና አንድ ሁለት ጠብታ ላርጎ ያክሉበት። ሽታው ይጠራቸዋል፤ ላርጎው ደግሞ የውሃውን ገጽ ስለሚያሳሳው ሊያርፉ ሲሉ ይሰምጣሉ። በየሁለት ቀኑ ይቀይሩት።

የፍሳሽ መውረጃው ላይ በረኪና አፍስሶ መተው አይበቃም። በረኪናው በልምጭላጩ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያሉትን ትሎች ብዙም አይነካም። የመውረጃውን ክዳን አንሥተው የተጋገረውን በረጅም ብሩሽ ፈትገው ያውጡ፤ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ከፀጉር ጋር እየተጎለጎለ ይወጣል። ከዚያ ሙቅ ውሃና ሳሙና ያፍስሱ። ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ያድርጉ። የማይጠቀሙበት የወለል መውረጃ ካለም በየሳምንቱ አንድ ሊትር ውሃ ያፍስሱበት። ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሲደርቅ ሽታውና ዝንቡ ከዋናው ፍሳሽ ወደ ቤት መንገድ ያገኛሉ።

በርና መስኮት

መፈልፈያው ከጸዳ በኋላ ከውጭ የሚመጣውን ይከላከሉ። ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የመስኮት መረብ በቂ ነው፤ ሚጢጢዎቹን ግን አይከለክልም። ሁሉንም መስኮት ለማልበስ አቅም ካነሰ ኩሽናውንና ወደ ገንዳው የሚያየውን ያስቀድሙ። ጠርዙ ላይ ክፍተት ከቀረ መረቡ ጥቅም ስለማይኖረው በጥንቃቄ ያስገጥሙት።

ቤት ውስጥ የቀሩትን ለማስወጣት ብርሃንን ይጠቀሙ። ቀን ላይ መጋረጃውን ሁሉ ዘግተው አንዱን መስኮት ብቻ ይክፈቱ፤ ዝንቡ ወደ ብርሃኑ ይሄዳል። ማዕድ ላይ ቬንትሌተር ማብራትም ይረዳል፤ ዝንብ ነፋስ ባለበት ማረፍ ይከብዳታል። የማጣበቂያ ወረቀት የሚሰቅሉ ከሆነ ማታ የሚያርፉበትን ቦታ ይምረጡ፤ በጣሪያና በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ቦታውን ይጠቁሙዎታል። ከምግብ ማዘጋጃው በላይ ግን አይስቀሉ።

ስለ ፍሊት

ፍሊት የሚበረውን ይገድላል፤ እንቁላሉንና ቆሻሻ ውስጥ ያለውን ትል ግን አይነካም። ደጋግሞ ሲነፋ ደግሞ የማይሞተው ዝንብ ተርፎ ይራባል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያገኘው ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ዲዲቲ የማይገድላቸው የቤት ዝንቦች በአውሮፓ አስቀድመው ታይተው ነበር። ፍሊት መንፋት ካለብዎት ምግብና ሳህን ይክደኑ፣ እሳት ያጥፉ፣ ልጆችን ያስወጡ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን መመሪያ ይከተሉ፣ ሲመለሱም መስኮት ይክፈቱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። ስሙ ባልተጻፈበት ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ የእርሻ መድኃኒት ቤትዎ አያስገቡ። ለማሳ የተሠራ መርዝ ልጅ በሚድህበት ወለል ላይ ሲረጭ የሚያደርሰው ጉዳት ዝንቡ ከሚያደርሰው ይብሳል።

በዓል ሲመጣ

እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት ዝንቡ በሚበረታበት ወር ነው። በጉ የታሰረበት ቦታ በየቀኑ ይጠረግ፤ በጠጡ በማዳበሪያ ተቋጥሮ ይውጣ። ዕርዱ ኮሚናሉ ውስጥ ይሁን፤ ፈርሱና ደሙ መውረጃው ውስጥ እንዳይቀር ወለሉ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ቆዳውን ከሚወስድ ሰው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ደጅ ካደረ በማግስቱ እንቁላል ተጥሎበት ይገኛል። የዶሮው ላባና የሆድ ዕቃም በሁለት ፌስታል ተቋጥሮ በዚያው ቀን ይውጣ። ሳሎን የተነጠፈው ቄጤማ ጠውልጎ ሳይረጥብ ይሰብሰብ።

አንድ ቤት ብቻውን አይበቃም

ዝንብ ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው፣ ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ ያለ ችግር ትበራለች። እርስዎ ቤትዎን አጽድተው የጎረቤት ማዳበሪያ ደረጃ ሥር ሳምንት ከቆየ ድካምዎ በግማሽ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩን ወደ ብሎኩ ኮሚቴ ይውሰዱት። ሲነጋገሩ ወቀሳ አይጀምሩ፤ «እገሌ ቆሻሻ ነው» የተባለበት ስብሰባ በኩርፊያ ያበቃል። የተወሰኑ ጥያቄዎችን ይዘው ይግቡ፦ ገንዳው ክዳን አለው ወይ? ቆሻሻው በሳምንት ስንት ጊዜ ይነሣል? የኮሚናሉን መውረጃ ማን፣ በየስንት ቀኑ ያጸዳል? ከበዓል ማግስት ስለሚኖር ተጨማሪ ማንሻ ቀን ከሰብሳቢ ማኅበሩ ጋር መነጋገር ይቻላል ወይ?

ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች ስምና ቀን ያለው መልስ ጽፈው ደረጃው መግቢያ ላይ ይለጥፉ። ሥራውም በየቤቱ በተራ ይዙር። ገንዳው በሳምንት ሁለት ጊዜ በሚነሣበትና መውረጃው በሚጸዳበት ግቢ፣ ፍሊት የሚገዛው ሰው ቁጥር ከወር ወደ ወር ይቀንሳል፤ ልጆቹም ተቅማጥ በቀነሰበት ግቢ ያድጋሉ። ቀጣዩ የኮሚቴ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ።