ኮባ ሳህን ይተካል?

ጥያቄ፦ አረቅጥ ውስጥ ትንሽ ክትፎ ቤት አለኝ። በበጋ ውሃ በጄሪካን እየገዛሁ ዕቃ አጥባለሁ። ሁሉንም በኮባ (በእንሰት ቅጠል) ባቀርብ ይቀልልኛል?

መልስ፦ ይቀልልዎታል። ውሃ የሚፈጀው ቅቤው ነው፤ ቅቤ የጠጣ ጣባ ሙቅ ውሃና ሳሙና ካልደጋገሙለት አይለቅም። ሳህኑ ላይ ኮባ ካነጠፉ ግን ስቡ ቅጠሉ ላይ ስለሚቀር የሳህኑ እጥበት ቀላል ይሆናል። ደቡብ ሕንዶች የእንሰት የቅርብ ዘመድ በሆነው በሙዝ ቅጠል ላይ ሙሉ ምሳ ያቀርባሉ።

ቅጠሉን በሁለቱም ገጽ በንጹህ ውሃ አጥበው ይወልውሉ፤ ከዚያ በእሳት ወላፈን ላይ ያሳልፉት፤ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ወላፈኑ እጥበቱን አይተካም፤ በተለይ ለጥሬ ክትፎ። ከእጅ፣ ከቢላና ከመክተፊያ እጥበት ላይ ደግሞ አንድ ጣሳ እንኳ አይቀንሱ።

እኔን የሚያሳስበኝ ኮባው የሚቆረጥበት ጓሮ ነው። የእንሰቱ የመሬት ውስጥ ግንድ የሚወፍረው በቅጠሉ ነው፤ እንደ እርስዎ ጉመር ባለ ደጋ ደግሞ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከአንድ ተክል ብዙ አይቁረጡ፤ ቆጮው የሚጋገርበትም ኮባ ከዚያው ጓሮ መሆኑን አይርሱ። ከሁሉ በላይ ቢላዋውን ይጠብቁ፦ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል በመቁረጫ ይዛመታል። ቢላዋውን በየተክሉ መካከል በእሳት ያግሉት፤ ከጠወለገ እንሰት ምንም አይቁረጡ።

ቅቤ የነካውን ቅጠል ውሻ ስለሚጎትተው ጉድጓድ ውስጥ አፈር አልብሰው ያበስብሱት።