ስለ ብስክሌት የራስ ቁር

ልጆች ሆይ፥ የተሰበረ እግር በወጌሻ ይጠገናል፤ የተጎዳ አንጎል ግን እንደ ቀድሞው መመለሱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ በቦሌ ቡልቡላ መንገድ በብስክሌት የሚሄድ ልጅ ሄልሜት የሚባለውን የራስ ቁር ሊያደርግ ይገባዋል።

ብርታት ብቻውን ራስን አይጠብቅም። አንድሬ ኪቪሌቭ የተባለ የካዛክስታን ሰው የታወቀ ብስክሌተኛ ነበረ፤ ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ያለ ቁር ሲሽቀዳደም ወደቀ፤ ራሱንም ተመትቶ ሞተ። በዚያው ዓመት የዓለም የብስክሌት ማኅበር ተወዳዳሪዎች ሁሉ ቁር እንዲያደርጉ ደነገገ። በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይም በቁር ነው የጋለበው።

ቁር ስትመርጡ ከመልኩ ይልቅ ልኩን ተመልከቱ። የፊቱ ጠርዝ ከቅንድባችሁ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይራቅ፤ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አይወዛወዝ፤ ማሰሪያውም ከአገጫችሁ በታች ይጥበቅ። ሲቆሽሽ በውኃና በለዘበ ሳሙና እጠቡት እንጂ በቤንዚን አትወልውሉት፤ ከእሳትና ከብርቱ ፀሐይም አርቁት።

ከሁሉ ይልቅ ይህን አስተውሉ። ቁሩ አንድ ጊዜ በብርቱ ከተጋጨ፥ ስንጥቅ ባይታይበትም እንኳ፥ ምቱን የሚቀበለው የውስጡ ፎም ተጨፍልቋልና ዳግመኛ አያድንም። እንዲህ ያለውን ለታናሽ ወንድም ማውረስ ቸርነት አይደለም። ለብሩ የሳሳ ለወንድሙ ራስ አልሳሳም።