ሟሟ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም

ልጄ፣ ኬሚስትሪ ልታስተምሪ ስምጥ ሸለቆ መመደብሽን እናትሽ ስትነግረኝ እጅግ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ አቧራ መካከል የኖረው አጎትሽ ስለ አንድ ነገር ብቻ ሊመክርሽ ይወዳል፤ ስለ መሟሟት።

1. ከቋንቋው ጀምሪ። ልጆቹ «ስኳሩ ሻይ ውስጥ ቀለጠ» ይሉሻል። አትቆጫቸው፤ ሁላችንም እንዲያ እንላለን። ግን ሦስት ግሦች ሰሌዳው ላይ ጻፊላቸው፤ ቀለጠ፣ ሟሟ፣ ተበጠበጠ። ቅቤ ድስት ውስጥ ይቀልጣል፤ የሚፈልገው ሙቀት ብቻ ነው። ጨው እንዲያ ይቅለጥ ቢባል 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እሳት ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን ያለ እሳት ይሟሟል። በሶ ደግሞ ይበጠበጣል እንጂ አይሟሟም፤ ብርጭቆውን ትንሽ ካቆየሽው ከታች ይዘቅጣል። ወተት ብዙ ሰው ያታልላል። አንድ ወጥ ፈሳሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስቡ በጥቃቅን ጠብታ ተበትኖ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህም በቅል ሲናጥ ቅቤ ይሰጣል። የሟሟ ጨው ግን ዕድሜ ልክ ቢንጡት ከውሃው አይለይም።

2. አስመዝኛቸው። 200 ግራም ውሃና 50 ግራም ጨው አዘጋጂ። ከመቀላቀልሽ በፊት ክብደቱ ስንት እንደሚሆን ይገምቱ፤ ጨው ስለሚጠፋ 200 ነው የሚል ልጅ አይታጣም። ከሟሟ በኋላ 250 ይመዝናል። ቀጥለሽ በንጹሕ ነጠላ አጥልይው፤ ጨርቁ ላይ ምንም አይቀርም። ይህን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ትርጓሜውን በቃል ቢያጠኑትም አይጠቅማቸውም፤ ይህን የምልሽ ብዙ ዓመት በቃል ሳስጠና ኖሬ ነው።

3. ምክንያቱን ሳትቸኩዪ አስረጂ። የውሃ ቅንጣት አንዱ ጫፉ ወደ አዎንታዊ፣ ሌላው ወደ አሉታዊ ሙሌት ያደላል። ጨው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ የውሃ ቅንጣቶች በአሉታዊው ጫፋቸው ሶዲየሙን፣ በአዎንታዊው ክሎሪኑን እየሳቡ ከድንጋዩ ይነቅሉታል፤ የተነቀለውንም ዙሪያውን ይከቡታል። ስኳር ግን ቅንጣቱ ሳይሰበር እንዳለ ነው የሚበተነው። ልዩነቱን በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል አሳዪአቸው፤ የጨው ውሃ መብራቱን ያበራል፣ የስኳር ውሃ አያበራም። የግድግዳ መብራት ወደ ውሃው አታቅርቢ፤ አደራ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጨው ውሃ ውስጥ ሙሌት ወዳላቸው ቅንጣቶች ይከፈላል ብሎ ሲጽፍ መምህራኑ ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት። በ1903 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሐሳብ ነው። ግራ የሚያጋባ መልስ የሚሰጥሽን ተማሪ ከማረምሽ በፊት አድምጪው።

4. ውሃ ልክ አለው። በክፍል ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 36 ግራም ገደማ ጨው ይቀበላል፤ የተረፈው ከታች ይቀመጣል። ስኳር ከሆነ 200 ግራም ያህል ይቀበላል። የአፋሩን የጨው ሐይቅ፣ አሳሌን፣ አንሺላቸው፤ ፀሐይ ውሃውን እየወሰደች ስትሄድ ከልኩ ያለፈው ጨው ይጋገራል፣ ሰው አሞሌ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ግመል ይጭነዋል።

5. ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ቅባት አሳዪአቸው። የበርበሬው ቀለም ስብ ውስጥ እንጂ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ነው እዚያ የሚሰበሰበው። የሚያቃጥለውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ለዚህ ነው አፍ ሲቃጠል ከውሃ ይልቅ ወተት የሚያስታግሠው።

6. ጋዝም ይሟሟል፤ ሲሞቅ ግን ይሸሻል። ፀሐይ ላይ የዋለ አምቦ ውሃ ሲከፈት ይመስክርልሽ።

7. ይህን በጸጸት ነው የምጽፍልሽ። በወጣትነቴ አንቺ በምትሄጂበት አገር ሳስተምር የልጇ ጥርስ የበለዘባት አንዲት እናት ውሃው እንደሆነ ጠረጠረችና ምን ላድርግ አለችኝ። «አፍልተሽ አጠጪው» አልኳት። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የጉድጓዱ ውሃ ችግር ግን የሟሟ ፍሎራይድ ነበር። ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ እንዲያውም ይበዛል። ኬሚስትሪ መምህር ነኝ እያልኩ ጨርቅና እሳት የማይደርሱበት ነገር መኖሩን ዘነጋሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድን የሚቀንሰው እንደ አጥንት ከሰል ያለ ወደ ራሱ ስቦ የሚይዝ ማጣሪያ ነው፤ ወይም ሌላ ምንጭ መፈለግ። ወላጅ ሲጠይቅሽ «አስመርምሩት» በዪ፤ መልኩ ጥርት ያለ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው አትበዪ።

8. የመጀመሪያ ቀን ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ጥቂት ውሃ ጥቁር ሳህን ላይ አፍስሰሽ መስኮት አጠገብ አስቀምጪ። ደርቆ ነጭ ቀለበት ሲተው ከየት መጣ ብለው ይከራከሩ። ሳህኑን ቶሎ አታጥቢው።