ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈሉ

የዛሬው ንባብ፦ ዘዳግም 24፥14-15፣ ያዕቆብ 5፥4

ዛሬ የምናየው ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። አንዳንድ ሰው “ይሄ የዓለም ጉዳይ ነው፣ ከወንጌል ጋር ምን አገናኘው?” ይል ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚህ ነገር ዝም አላለም።

በዘዳግም ላይ እግዚአብሔር በቀን ሥራ የሚያድረውን ድሃ ማንም እንዳይበድለው አዘዘ። ትእዛዙ ለወገን ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ለተቀመጠው መጻተኛም ነው። ደመወዙም በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው አለ። ለምን? የቀን ሠራተኛ ጎተራ የለውም። ዛሬ ያገኘው የዛሬ እራቱ ነው። “ነገ ና” ማለት ለአሠሪው ቀላል ነው፤ ለእሱ ግን ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ ማለት ነው።

“መጻተኛ” የሚለውን ስናነብ “ይሄ እኛ ነን” እንላለን። እውነት ነው። እዚህ ካኩማ ካምፑ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ ስደተኛው ያስተምራል፣ ያስተረጉማል፣ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል። የሚከፈለው ግን ደመወዝ ሳይሆን “ኢንሴንቲቭ” ይባላል። የሥራ ፈቃድ ስለሌለው፣ ያንኑ ትምህርት ከሚያስተምረው የአገሩ መምህር እጅግ ያነሰ ይቀበላል። ጠመኔው አንድ፣ ድካሙ አንድ፣ ክፍያው ግን ሁለት ነው። የ2021 የኬንያ የስደተኞች ሕግ ለሥራ በር ቢከፍትም፣ ፈቃዱን ማግኘት ለብዙ ሰው ገና ሩቅ ነው። የወሩ ገንዘብ የሱቅ ዱቤ ከፍሎ ያልቃል።

ይህን መናገር ማጉረምረም አይደለም። ያዕቆብ የተያዘ ደመወዝ ድምፅ እንዳለውና ድምፁም እግዚአብሔር ዘንድ እንደሚደርስ ይነግረናል። ስለዚህ ተባብሮ፣ በትሕትና፣ በስብሰባ ላይ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም።

ነገር ግን ቃሉ ወደ እኛም ይዞራል። በጠዋት ልብስ ልታጥብ፣ ውኃ ልትቀዳ በራችንን የምታንኳኳው የቱርካና እናትስ? አገሯ ነው፤ ረሃቡ ግን እሷንም አልተዋትም። አጥባ ከጨረሰች በኋላ ዋጋ የሚቀንስባት፣ “ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ነይ” የሚላት ቤት አለ። ከእኛው ወገን አዲስ መጥቶ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥበው ልጅስ? “አብልቼሃለሁ፣ አሳድሬሃለሁ” ተብሎ ወሩ ሲያልቅ ባዶ እጁን የሚቀር አለ። ቋንቋ አያውቅ፣ ወረቀት የለው፣ ለማን ይክሰስ? እኛ የምናለቅስበት ነገር እኮ ይኸው ነው!

ንጉሡ ኢዮአቄም ሰፊ ቤቱን በነፃ ጉልበት ሲያሠራ ኤርምያስ ወዮለት አለው። አባቱ ኢዮስያስ ግን ለድሃ ይፈርድ ነበር። ነቢዩ እግዚአብሔርን ማወቅ በዚህ እንደሚታይ አስተማረ (ኤርምያስ 22፥13-16)። በዝማሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ሥራው ሳይጀመር ዋጋውን ቁረጡ።
2. የቀን ሠራተኛን በዕለቱ ክፈሉ። ገንዘቡ ከሌለ አታሠሩ።
3. በወር የምታሠሩ በደብተር ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ።
4. የተከለከለ ሰው ካያችሁ ከሽማግሌዎች ጋር ሄዳችሁ ጠይቁለት።

ለቤት ለቤት ኅብረት ጥያቄ፦ ዛሬ በቤታችን ያደረ የሌላ ሰው ድካም አለ? ካለ፣ ከማታው ጸሎት በፊት ይድረስ።

ጌታ ይባርካችሁ።