ስለ ሠራተኞች ጠባይና በወንፈል ሥራ ስለ መተማመን

የእርሻ ሥራ በአንድ ሰው ጉልበት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ጤፍ ደርሶ አጨዳው ቢዘገይ ፍሬው ይረግፋል፤ ያለ ጊዜው ዝናም ቢወርድበትም ይበላሻል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤቱን ጠርቶ መሥራትን ልማድ አደረገ። ይህ የሥራ ማኅበር የሚጸናው ግን በሰው ብዛት ሳይሆን በመተማመን ነው። አገር የሚያስተዳድር ሹምና ሠራተኛ የሚያሠራ ባለእርሻ ይህን ሊያስተውል ይገባዋል።

1ኛ፤ ስለ ሥራ ማኅበር ዐይነት

ወንፈል ማለት ጉልበትን በጉልበት መመለስ ነው፤ አንድ ቀን የተቀበለ አንድ ቀን ይመልሳል። ደቦ፥ በአንዳንድ አገር ጅጊ የሚባለው፥ ባለማሳው እንጀራና ጠላ አሰናድቶ ብዙ ሰው የሚጠራበት ሲሆን ቈጠራው እንደ ወንፈል የጠበቀ አይደለም። መቀናጆ ደግሞ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በተራ የሚያርሱበት ነው። የባልንጀራውን በሬ ከልክ በላይ ያደከመ ሰው ለሚመጣው ክረምት የሚቀናጀው አያገኝም።

ከዚህ የተለየው የሁዳድ ሥራ ነበር። በሁዳድ ገበሬው የገዢውን መሬት እንዲያርስ ይታዘዝ ነበር እንጂ የሰጠው ቀን አይመለስለትም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታውጆ ጭሰኝነት ቀረ። በትእዛዝ ሰው ይሰበሰባል፤ መተማመን ግን በትእዛዝ አይገኝም።

2ኛ፤ ስለ ጠባይ መለያየት

የአገራችን ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት የተሠራ መሆኑን ያስተምራሉ። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ሐኪም ጋሌኖስም ጠባይን በሰውነት ውስጥ ካሉት አራት ፈሳሾች ጋር ያያይዝ ነበር። የአሁን ዘመን የሥነ ልቡና መርማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በ5 መመዘኛ ይመለከታሉ፤ ይኸውም ለአዲስ ነገር ልብን መክፈት፥ በሥራ መጠንቀቅ፥ ከሰው ጋር መጫወትን መውደድ፥ ለሌላው ማዘንና መስማማት፥ ቶሎ መጨነቅና መቈጣት ነው። እነዚህ በሰው ሁሉ ዘንድ በመብዛትና በማነስ ይገኛሉ። ስለዚህ አንዱን ሰው «እንዲህ ያለ ነው» ብሎ ለዘወትር መፍረድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ጠባይን መለየት ሥራን ለማከፋፈል ይረዳል። ጨዋታ ወዳድ የሆነው የሥራ ዜማ አውጥቶ ባልንጀሮቹን ያነቃቃል። ጥንቁቁ ዝናም የማያስገባ ክምር ይከምራል። ዝምተኛው ዝምታው እንደ ስንፍና አይቈጠርበት፤ በሸንጎ ያልተናገረውን ብቻውን ቢጠይቁት የሚጠቅም ምክር ይገኝበታል። ቶሎ የሚቈጣውም በሰው ፊት አይገሠጽ።

3ኛ፤ መተማመን ስለሚገኝበት መንገድ

ሀ. የማሳው ተራ ሥራ ሳይጀመር በስምምነት ወይም በዕጣ ይወሰን። ሹሙ የራሱን ማሳ ያለ ተራው አያስቀድም። በመስኖ አገር ውሃ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት ተራ ይጠብቃል ብለው ስለሚያምኑት ነው፤ የእርሱ ማሳ ያለ ተራው ቢጠጣ ሌላውን ሊከለክል አይችልም።

ለ. የተሠራው ቀን ሁሉም በሚሰሙት ቦታ ይቈጠር።

ሐ. የታመመ ሰው ልጁን ወይም ዘመዱን ቢልክ ይቈጠርለት። ረዳት የሌላት መበለትና ሽማግሌም ማሳቸው ሳይታጨድ እንዳይቀር አስቀድሞ ይታሰብላቸው።

መ. ጠብ ቢነሣ ሁለቱም ወገኖች የመረጡት ሽማግሌ የሁለቱንም ቃል ሳይሰማ አይፍረድ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ጠባያቸው የተለያየ ሰዎች ተባብረው አዝመራውን በጊዜው ያስገባሉ። የአንድ ድኻ ቀን ሳይመለስለት ቢቀር ግን ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ በሚመጣው ዓመት ጥሪውን የሚሰማ ሰው ያንሳል፥ እህሉም በማሳ ይቀራል። ስለዚህ ሹም የእህሉን ልክ ከመጠየቁ አስቀድሞ የሠራተኞቹ ቀን በእውነት መቈጠሩን ይመርምር።