«እኛን ፀሐይ አይነካንም»፦ ስለ ቆዳችን የሰመር ትምህርት

ፈተናው አልቋል፣ ሰመርም ገብቷል። እናቴ እስከ ዛሬ ይህን ወቅት «ክረምት» ትለዋለች፤ ውጭው 35 ዲግሪ ቢሆንም ለእሷ ሐምሌ ምንጊዜም ክረምት ነው። ስለ ቆዳ እንክብካቤ እንድጽፍ ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው አባባል ነው፦ «እኛን ፀሐይ አይነካንም፤ ሰንስክሪን የፈረንጅ ነው።»

እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ድረስ አምኜው ነበር። ከቤተሰቤ ጋር ባሕር ዳር ሄደን ገዳማቱን ለማየት ጣና ላይ በጀልባ ወጣን። ሰማዩ ደመናማ ስለነበር የገዛሁት ሰንስክሪን ሻንጣ ውስጥ ቀረ። ማታ የእጆቼ ጀርባና አፍንጫዬ ይለበልቡኝ ጀመር። አልቀሉም፤ ግን አንሶላ ሲነካቸው እንኳ ያሙኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ቆዳዬ ተላጠ፤ ከሥሩ የቀረው ጥቁረት ደግሞ እስከ ታኅሣሥ አልለቀቀኝም። በኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ለወባ መከላከያ እወስደው የነበረው ዶክሲሳይክሊን ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ይህም ከመድኃኒቱ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የነርሲንግ ተማሪ ሆኜ፣ መጠኑን አንብቤ ማስጠንቀቂያውን ዘልዬዋለሁ።

እናንተ እንዳትዘሉት ነው ይህን የምጽፈው።

ሜላኒን ምን ያህል ይጠብቀናል?

ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ይባላል። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ብዛት በሰው ልጆች ሁሉ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚሠሩት ሜላኒን መጠንና ዓይነት፣ እንዲሁም በቆዳው ውስጥ የሚሰራጭበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት የጥቁር ቆዳ የላይኛው ሽፋን በአማካይ ከኤስፒኤፍ 13 ጋር የሚቀራረብ መከላከያ እንዳለው ለክቷል፤ የነጭ ቆዳ 3 ገደማ ነበር። ስለዚህ አባባሉ ጭራሽ ውሸት አይደለም። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በእኛ ላይ ከነጮች በጣም ያነሰ ነው።

ግን ግማሽ እውነት ነው። አንደኛ፣ የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30 ነው፤ 13 ከዚያ በታች ነው። ሁለተኛ፣ እኛ አንድ ቀለም አይደለንም። በአንድ ቤት ውስጥ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር እኅትማማቾች አብረው ያድጋሉ፤ ሁሉም እኩል አይጠበቁም። ሦስተኛ፣ የፀሐይ ጨረር አንድ ዓይነት አይደለም። ዩቪቢ የሚባለው ቆዳን የሚያቃጥለው ነው። ዩቪኤ ደግሞ ጠልቆ ይገባል፣ ያጠቁራል፣ ቆዳን ያስረጃል፣ የመስኮት መስታወትም አልፎ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ አባቶቻችን ፊታቸው በመስኮቱ በኩል ይበልጥ ጠቁሮ ወይም ተሸብሽቦ ቢታይ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አያቶቻችን እንዲህ አላሉም

የሚገርመው፣ «ፀሐይ አይነካንም» የሚለው አባባል የአያቶቻችን አይመስለኝም። አያቶቻችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጃንጥላ ይዘረጋሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ልጆችን «በቀትር አትውጡ» ይላሉ። ምክንያቱን አንዳንዶቹ ስለ ቀትር ጋኔን ቢያደርጉትም ሰዓቱን ግን አልሳቱም። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጨረሩ የሚበረታበት ጊዜ ነው።

ምችንም አስቡ። ፀሐይ ላይ ቆይቶ የመጣ ሰው ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይታሻል። እንደ ነርሲንግ ተማሪ የማውቀው ይህ የከንፈር ቁስል የሚመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ከሚባል ቫይረስ መሆኑን ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ነው። አያቴ ቫይረሱን ባታውቀውም ፀሐይዋን በትክክል ጠርጥራለች። ከንፈራችሁ ላይ በየሰመሩ የሚመላለስ ቁስል ካለ ኤስፒኤፍ 30 ያለው የከንፈር ቅባት ተቀቡ። ቁስሉ በወጣበት ጊዜ በአንድ ብርጭቆ መጠጣትና ሕፃናትን መሳም ይቅር።

ከቤት ልማዶች ግን ሁለቱን መጠንቀቅ አለብን። ፊት ላይ ያለን ጥቁረት ለማጥፋት ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት አንዱ ነው። ጓሮ ያለውን ጤና አዳም በባዶ እጅ ፀሐይ ላይ መቁረጥ ሌላው ነው። በሁለቱም ውስጥ ከዩቪኤ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ የሚተወው ጥቁረትም ሊጠፋ ከወራት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ጤና አዳሙ ለቡናው ይሁን፤ ከነካችሁት ግን እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ቃጠሎ በእኛ ቆዳ ላይ ምን ይመስላል?

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ «ይቀላል» ይላሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ፈልጉት፦ ቆዳው ይሞቃል፣ ይወጠራል፣ ሲነካ ያማል ወይም ያሳክካል፣ ከቀናት በኋላም ይላጣል። ሕፃን ወይም በዕድሜ የገፉ ሰው ስትንከባከቡ ይህን አስታውሱ፤ ቅላት ስላላያችሁ ብቻ «ደህና ነው» አትበሉ።

ከተቃጠላችሁ ወዲያው ጥላ ውስጥ ግቡ። ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ታጠቡ ወይም እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፤ በረዶ ግን በቀጥታ አይደረግም። ሽታ የሌለው ማለስለሻ ተቀቡ፣ ውኃ በብዛት ጠጡ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ቅቤው ሙቀቱን ይይዛል፣ የጥርስ ሳሙናው ደግሞ ቆዳውን የበለጠ ያስቆጣል። ሰፊ ቦታ ውኃ ከቋጠረ፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም መደናገር ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ማድያትና የማይለቅ ጥቁረት

እውነቱን ለመናገር ለብዙዎቻችን የዕለት ተዕለቱ ጉዳት ካንሰር አይደለም፤ ጥቁረት ነው። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን ያፈሳል። ብጉር ይድናል፣ ምልክቱ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይጠቁራል፣ ይቆያልም። ማድያትም እንዲሁ ነው። እርግዝና፣ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎችና በዘር የሚመጣ ዝንባሌ ያስነሱታል፤ ፀሐይ ያባብሰዋል። ማድያትን የሚያባብሰው ዩቪ ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። ስለዚህ ማድያት ላለበት ሰው ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር የተጨመረበት ሰንስክሪን ቀለም ከሌለው ይሻላል።

እዚህ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለ። በሱቅ ጓሮ ወይም ከሻንጣ የሚሸጡ የሚያነጡ ክሬሞችን አትጠቀሙ። በብዙዎቹ ውስጥ ሃይድሮኪኖን፣ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ አልፎም ሜርኩሪ ይገኛል፤ ማሸጊያው ላይ ግን ላይጻፍ ይችላል። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ሃይድሮኪኖን ሰማያዊ የመሰለ፣ ለማጥፋት እጅግ የሚያስቸግር ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። በአሜሪካ ሃይድሮኪኖን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፣ በክትትል ይሰጣል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከመዋቢያ ክሬሞች ታግዷል። አክስታችሁ ወይም ጓደኛችሁ እየተጠቀሙ ከሆነ አታሳፍሯቸው። «ሐኪም ዘንድ አብሬሽ ልሂድ» ማለት ይበቃል። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም ድንገት ማቆም ቆዳውን ሊያስቆጣ ስለሚችል አቋቋሙንም ሐኪሙ ቢመራው ይሻላል።

መድኃኒታችሁን እወቁ

ዶክሲሳይክሊን የሚታዘዘው ለወባ ብቻ አይደለም፤ ለብጉር የሚወስዱት ብዙ ተማሪዎች አሉ። አይሶትሬቲኖይንና ፊት ላይ የሚቀባው ትሬቲኖይንም ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋሉ። ወላጆቻችን ለደም ግፊት ከሚወስዷቸው መካከል ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ፤ እሱም እንዲሁ ነው።

ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ አደራ። ወባ ከቃጠሎ ይብሳል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የምትሄዱ ሁሉ መከላከያውን በታዘዘው መሠረት ውሰዱ፤ ዶክሲሳይክሊን ከወባማው አካባቢ ከወጣችሁ በኋላም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። የጥላውና የሰንስክሪኑ ጥንቃቄም እስከዚያው ይቀጥል። ደግሞ አስታውሱ፣ በከፍታ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ዩቪው በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናቸው። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ጨረሩ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ቀጭን ደመናም አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። እኔ ጣና ላይ የተታለልኩት በዚህ ነው።

ሰንስክሪን እንዴት ይቀባል?

• ስትገዙ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ይኑረው፤ ዩቪኤንም ዩቪቢንም ይከላከላል ማለት ነው። ኤስፒኤፍ 30 ከዩቪቢ 97 በመቶ ገደማ፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ገደማ ያግዳል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ዋናው አቀባባችሁ ነው።
• ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣቶቻችሁ ርዝመት ልክ ጨምቁ። ጆሮንና የእግር ጀርባን አትርሱ። ለመላ ሰውነት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። 200 ሚሊ የሚይዝ ጠርሙስ ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ያዳርሳል ማለት ነው። በየሳምንቱ እየዋኛችሁ አንዱ ጠርሙስ ሰመሩን ሙሉ ከበቃችሁ፣ የምትቀቡት ትንሽ ነው።
• ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ተቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱ፣ እንዲሁም ከዋና ወይም ከላብ በኋላ ድገሙት።
• ፊታችሁን አመድ የሚያስመስላችሁ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ይሆናል። ቀለም ያለውን ወይም እነዚህ የሌሉበትን ሞክሩ። በየቀኑ የምትቀቡት ሰንስክሪን ከሁሉ የተሻለው ነው።
• ስልካችሁ ላይ ያለውን የዩቪ ቁጥር እዩ። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተከላከሉ። ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌና ጃንጥላ ከቅባት በፊት ይመጣሉ።

«ቫይታሚን ዲስ?» ለሚል ጥያቄ፦ የእኛ ቆዳ በእርግጥ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በተለይ በሰሜን አውሮፓ የምትኖሩ ወይም ሰውነታችሁን የምትሸፍኑ ሊያንሳችሁ ይችላል። መፍትሔው ግን መቃጠል አይደለም፤ የደም ምርመራና ካስፈለገ እንክብል ነው።

እግራችሁን ገልብጡና እዩ

የመጨረሻው ነጥብ ከፀሐይ ጋር እምብዛም አይያያዝም፤ ግን ሰመር ጫማ የምናወልቅበት ጊዜ ነውና እዚህ ላነሳው ወደድኩ። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰዎች ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይ በ1977 እ.ኤ.አ. የተገኘበት በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ሰንስክሪን ይህን አይከላከልም፤ የሚጠቅመው ማየት ነው። በእኛ ላይ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚታወቅ የመዳን ዕድሉ ያንሳል።

ከልጅነት ጀምሮ ያለና ያልተለወጠ ነጥብ፣ ወይም በበርካታ ጥፍሮች ላይ ያለ ቀጭን ቡናማ መስመር ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ነገር ግን በአንድ ጥፍር ላይ አዲስ ጥቁር መስመር ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከተሻገረ፣ በውስጥ እግር ያለ ነጥብ ቅርጹን ወይም ቀለሙን ከቀየረ፣ ያልዳነ ወይም የሚደማ ቁስል ከቆየ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ጫማ ልጦኝ ነው» ብላችሁ ወር አትጠብቁ። ሐኪሙ በችኮላ ቢያልፈው እንኳ «እባክዎ ጥፍሬን ይዩልኝ» በሉ።

እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ይህ ጽሑፍም ሐኪማችሁን አይተካም። ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ካልሲያችሁን አውልቁና የእግራችሁን ውስጥና ጥፍሮቻችሁን አንድ በአንድ እዩ። ከዚያ ቤት ደውሉና እናትና አባታችሁም እንዲያዩ ንገሯቸው። የእኔ እናት «ደግሞ ምን መጣ?» ብላ ስቃ ነበር፤ ግን መነጽሯን አድርጋ አየች።

መልካም ሰመር፣ ወይም በእናቴ አባባል መልካም ክረምት!