ከአምስት ደቂቃ ምርመራ የሚያመልጥ የልብ ምት

በእንስሳት ሐኪም ጠረጴዛ ላይ የቆመ ውሻ የልቡን የዘወትር ጠባይ አያሳየንም። እንግዳው ሽታና እንግዳው እጅ ስለሚያስፈራው ልቡ ይፈጥናል፤ ምርመራውም ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ ከአጭር ምርመራ ምን እንደሚያመልጥና የሙሉ ቀን ምዝገባ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሞላ እንመለከታለን።

ዶበርማን የተባለውን የውሻ ዝርያ በምሳሌነት እንውሰድ። ይህን ዝርያ የልብ ጡንቻ የሚደክምበትና ልብ እየሰፋ የሚሄድበት በሽታ ያጠቃዋል። በሽታው ለዓመታት ውጫዊ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል አንዳንድ ውሾች ጤነኛ መስለው ሳሉ በድንገት ይሞታሉ። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚገኘው ፍንጭ ከልብ የታችኛው ክፍል ያለ ጊዜው የሚነሣ ምት ነው።

እስቲ እናስላ። በ24 ሰዓት ውስጥ 100 እንዲህ ያሉ ምቶች ቢኖሩ፣ በአማካይ በየ14 ደቂቃው አንድ ይደርሰናል። ምቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዙ የሚነሡ ከሆነ፣ በፖይሰን ቀመር መሠረት የ5 ደቂቃ ምርመራ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 29 ከመቶ ገደማ ነው። ከአሥር ምርመራዎች ሰባቱ ምንም ሳያገኙ ይጠናቀቃሉ ማለት ነው። ምቶቹ ተሰባስበው የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ዕድሉ ከዚህም ያንሳል።

መፍትሔው የተገኘው ከፊዚክስ ባለሙያ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በሬዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠሩ። ክብደቱ 38 ኪሎ ግራም ያህል ስለነበረ በጀርባ ይታዘል ነበር። በስማቸው የሚጠራው የዛሬው መሣሪያ ግን ለውሻው በሚለበስለት ሰደርያ ኪስ ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሮዶቹ ጸጉሩ በተላጨው ደረቱ ላይ ይለጠፋሉ፤ ውሻውም ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ልማዱ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይተኛል።

መሣሪያው በሰከንድ 200 ጊዜ ቢለካ በቀን ከ17 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮችን ይመዘግባል። ኮምፒዩተር ያጣራቸዋል፤ ይሁን እንጂ የጡንቻ እንቅስቃሴና የላላ ኤሌክትሮድ ምት የሚመስል ምልክት ስለሚፈጥሩ ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል። ባለቤቱ የሚይዘው የሰዓት ማስታወሻም የሩጫን ፍጥነት ከሕመም ለመለየት ይረዳል።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአውሮፓ የእንስሳት ልብ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ለዶበርማን ዝርያ ከ3 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል፤ በ24 ሰዓት ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ምቶች መገኘታቸውንም የበሽታው ማረጋገጫ አድርጎ ይወስዳል። የምቶቹ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ አንድ ንጹሕ ውጤት ለዘለቄታው ዋስትና አይሆንም።

እንግዲህ በልኬት ሳይንስ አለመታየት አለመኖር አይደለም። «አላገኘንም» ከማለታችን አስቀድሞ «ለምን ያህል ጊዜ ተመለከትን?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።